ከአፈር፣ ከቀርከሃና ከድንጋይ፦ በምሥራቅ አፍሪካ አካባቢን የማይጎዳ ቤት መሥራት እስከምን ድረስ ይቻላል?

በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በሐርጌሳ መኖሪያ ቤት ለመሥራት የቆረጠ ሰው፣ ገና መሠረት ሳያስቆፍር የሚያሰላው የሲሚንቶንና የብረትን ዋጋ ነው። ሁለቱም ለመመረት ከፍተኛ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ከሩቅ ተጭነው ይመጣሉ፤ የብረቱ ጥሬ ዕቃ ደግሞ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በአንጻሩ ቤቱ ከሚቆምበት ቦታ ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር፣ ለገልባጭ መኪና ተከፍሎበት ይጣላል።

ያ አፈር በእርግጥ ትርፍ ነገር ነው ወይ? ጥያቄው በቀጣናው ያሉ አርክቴክቶችን፣ መሐንዲሶችንና የከተማ አስተዳደሮችን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ብቻ አይደለም። በመካከለኛና በዝቅተኛ ገቢ የሚተዳደር ቤተሰብ ከቶ ቤት ሊኖረው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውም አብሮት ይነሳል።

"አረንጓዴ ግንባታ" ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው በጣሪያ ላይ የተዘረጋ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ወይም በረንዳው በዕፅዋት የተሸፈነ ውድ ሕንፃ ነው። ባለሙያዎች ግን ስያሜውን ሰፋ አድርገው ይጠቀሙበታል። ቤቱ ለመሠራት ምን ያህል ኃይልና የተፈጥሮ ሀብት ፈጀ? ሰው ሲኖርበትስ ለማቀዝቀዣ፣ ለማሞቂያና ለመብራት ምን ያህል ያስወጣል? ዕድሜውን ጨርሶ ሲፈርስ ቁሱ ወደ መሬት ይመለሳል ወይስ የቆሻሻ ክምር ይሆናል? በዚህ ሚዛን ሲታይ በገጠር ያለ የጭቃ ጎጆ፣ መስታወት ከለበሰና የጥራት ምስክር ወረቀት ከተሰጠው ፎቅ በልጦ ሊገኝ ይችላል።

የሲሚንቶ ዕዳ

ሲሚንቶ የሚሠራው በዋናነት የኖራ ድንጋይንና ሸክላ አፈርን 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል ነው። ከምድጃው የሚወጣው እንክብል "ክሊንከር" ይባላል፤ ተፈጭቶም ዱቄቱ ሲሚንቶ ይሆናል። ለምድጃው የሚነደው ነዳጅ አየር መበከሉ ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው፣ የኖራ ድንጋዩ ራሱ በሙቀት ሲፈርስ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቁ ነው። ከሲሚንቶ ምርት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ የሚመነጨው ከነዳጁ ሳይሆን ከዚሁ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። በመሆኑም ፋብሪካው ሙሉ በሙሉ በውኃ ኃይል በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ቢሠራ እንኳ ችግሩ በግማሽ እንኳ አይቃለልም።

የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ከዚህ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ድርሻ ኢምንት ነው። ስለዚህ የቀጣናው ነዋሪ ባላመጣው ጥፋት ሲሚንቶ እንዲተው ሊመከር አይገባም የሚለው ሙግት ሚዛን ይደፋል። ሆኖም የቀጣናው ከተሞች በፍጥነት ከሚያድጉት መካከል ናቸው፤ በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት የሚያስፈልጉት አብዛኞቹ ቤቶች ገና አልተሠሩም። በምን እንደሚሠሩ መወሰን የሚቻለውም ከመሠራታቸው በፊት ነው።

ሲሚንቶውን ራሱን የማሻሻል ጥረትም አለ። የስዊዘርላንድ፣ የኩባና የሕንድ ተመራማሪዎች በጋራ ያጎለበቱትና "ኤልሲ3" የሚባለው ሲሚንቶ የክሊንከሩን መጠን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጎ፣ ቀሪውን በተቃጠለ ሸክላ አፈርና ባልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይተካል። ሸክላው የሚፈልገው ሙቀት 800 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ልቀቱ ከተለመደው ሲሚንቶ እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ተስማሚው ሸክላ አፈር በሞቃታማ አገሮች በስፋት የሚገኝ መሆኑም ለአፍሪካ ትርጉም አለው።

በኢትዮጵያ ገበያ ላይ ያለው ምርጫ ግን ከዚህ የቀለለ ነው፦ "ኦፒሲ" ወይስ "ፒፒሲ"? ሁለተኛው እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት በመሆኑ ክሊንከሩ ያነሰ ነው። ብዙ ቤት ሠሪዎች "ደካማ" እያሉ ይሸሹታል። ለኮለንና ለቢም ኦፒሲ መምረጣቸው ምክንያት አለው፤ ጥንካሬውን ቶሎ ይይዛል። ለግንብ ማያያዣ፣ ለልስንና ለወለል ግን ፒፒሲ በቂ ነው። ለእነዚህ ሥራዎች ኦፒሲ መግዛት ያለ ጥቅም ገንዘብ ማውጣት ነው።

ጭቃ ቤት እንዴት ይቆማል፣ በምን ይወድቃል?

በኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ "እንጨትና ጭቃ" ተብሎ የሚመዘገበው ግድግዳ በአገሪቱ እጅግ የተለመደው ነው። አሠራሩን የማያውቅ ጥቂት ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ከጭድ ጋር የተደባለቀው ጭቃ ለቀናት ቦክቶና ተረግጦ ይመረጋል። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ልስላሴ ያለው በመሆኑ ጭቃውን አስተሳስሮ እንዳይሰነጠቅ ስለሚያደርገው ነው። ከዚያም ላይ በላዩ የሚቀባ ልስን፣ አቅም ሲፈቅድም ኖራ ይከተላል።

ይህ ቤት ከነጉድለቱ ብልሃት ያለው ነው። የእንጨት አጽሙ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ደረቅ ግንብ በአንዴ አይናድም። ግድግዳው የቀኑን ፀሐይ ያዘገየዋል። የሚበረክተው ግን ከውኃ እስከተጠበቀ ድረስ ነው። የጭቃ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከሥሩ ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው ጠብታ መሬት ነጥሮ ግድግዳውን ይሸረሽራል፣ እርጥበት ሽቅብ ይስባል፣ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፣ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል። በሱዳን "ጃሉስ" የሚባለው ከጭቃ ብቻ የሚገነባ ቤት ለዝናብ አልባው የካርቱም አየር የተስማማ ቢሆንም፣ እአአ በነሐሴ 1988 በጣለው ከባድ ዝናብና ጎርፍ በከተማይቱ ዙሪያ እጅግ ብዙ የጃሉስ ቤቶች ወደ ጭቃነት ተመልሰዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ግድግዳው ከመሬት ቢያንስ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢያርፍ፣ የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ውጪ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወጣ፣ በዙሪያውም የውኃ መውረጃ ቦይ ቢቆፈር፣ የቤቱ ዕድሜ በብዙ ዓመታት ይረዝማል። ከተማ ውስጥ ቦታ ሲጠብ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ክፈፉ መሆኑ ያሳዝናል።

የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት

ጭቃን ከእንጨት ያላቀቀው ቴክኖሎጂ የተወለደው በላቲን አሜሪካ ነው። በ1950ዎቹ በኮሎምቢያ ቦጎታ "ሲንቫ ራም" የተባለ በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ ተፈጠረ። መሣሪያው እርጥበቱ ጥቂት የሆነ አፈርን በብረት ሳጥን ውስጥ አጥብቆ በመጫን ብሎኬት ያወጣል። በአፈሩ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ይጨመርበታል። ብሎኬቱ በእሳት አይጠበስም፤ በጥላ ሥር እርጥበቱ ተጠብቆ ለሳምንታት ይቆያል። ዋናው ትርፍም እዚህ ላይ ነው። በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በሱዳን የተለመደው የሸክላ ጡብ በማገዶ የሚተኮስ በመሆኑ፣ አንድ ቤት በቆመ ቁጥር የተወሰነ ጫካ ይወድቃል።

በኡጋንዳ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ የነበሩት ሞሰስ ሙሳዚ፣ ብሎኬቶቹ እርስ በርስ የሚቆላለፉበትን ቅርጽ በአገሪቱ በማስፋፋት ይታወቃሉ። ብሎኬቶቹ ወንዴና ሴቴ ጎን ስላላቸው በመካከላቸው የሚገባው የሲሚንቶ ማያያዣ እጅግ ይቀንሳል። ጎባጣ ሆነው የሚወጡት ደግሞ ለክብ የውኃ ማጠራቀሚያ ያገለግላሉ።

ሁሉም አፈር ግን ለዚህ አይሆንም። የእርሻው የላይኛው አፈር የበሰበሰ ሥርና ቅጠል ስለያዘ መወገድ አለበት። በኢትዮጵያ ደጋማ ሜዳዎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ስለሚኖር ግድግዳውን ይበጣጥሳል። የሚመረጠው አሸዋማነት ያለው ቀይ አፈር ነው። ግንበኛው ያለ ላቦራቶሪ የሚያደርገው ፈተናም አለ። አፈሩን በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጦ ማስቀመጥ ነው፤ አሸዋው ወዲያው ከታች፣ ደለሉ ከመካከል፣ ሸክላው በመጨረሻ ከላይ ይዘቅጣል። ሸክላው ከጠቅላላው ከአንድ ሦስተኛ ከበለጠ ብሎኬቱ ይሰነጠቃል፤ ከአሥረኛ ካነሰም ይፈርሳል። በተጨማሪም እርጥቡን አፈር በመዳፍ ጨምቆ ከደረት ከፍታ መልቀቅ የተለመደ ነው። እንክብሉ በጥቂት ክፋዮች ከተሰበረ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከተጠፈጠፈ ውኃው በዝቷል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ሕንፃ ተቋም፣ እአአ በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የተመሠረተው፣ በዚህ መስክ የቆየ ስም አለው። እአአ በ2010 አካባቢ ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር "ሱዱ" የተባለ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት በአዲስ አበባ አቁሟል። ቤቱ በአብዛኛው ከአፈር የተሠራ ሲሆን፣ የወለሉ መሸፈኛ በእንጨት ወይም በአርማታ ምትክ በስስ ንጣፍ ሸክላዎች የተጋጠመ ቅስት ነው። በሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ እአአ በ2017 የተከፈተው የክሪኬት ስታዲየም ይህንኑ ጥበብ አልቆ አሳይቷል። ሦስቱ ቅስቶቹ በሥፍራው ከተቆፈረ አፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ በተጨመቁ ስስ ንጣፎች የተገነቡ ናቸው፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ እንዲበረቱም በንጣፎቹ መካከል መረብ ገብቶባቸዋል።

ለአሶሳ የሚሆን ቤት ለደብረ ብርሃን አይሆንም

የግንባታ ምክር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአየሩ ጠባይ ነው። ወፍራም የአፈር ወይም የድንጋይ ግድግዳ ሙቀትን ቀን ይቀበልና ቀስ እያለ ሌሊት ይለቃል። እንደ አዲስ አበባ፣ አስመራ ወይም ናይሮቢ ባሉ፣ ቀኑ ሞቅ ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልባቸው ደጋማ ከተሞች ይህ በረከት ነው፤ በደንብ የተሠራ ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አያሻውም። በእነዚህ ከተሞች መስታወት ብቻ የለበሱ ሕንፃዎች ተሠርተው ከሰዓት በኋላ የሚገባባቸውን ፀሐይ በማቀዝቀዣ መሣሪያ መዋጋታቸው፣ ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችውን በኤሌክትሪክ ገንዘብ መግዛት ነው።

በጂቡቲ፣ በበርበራ ወይም በሞምባሳ ግን ሌሊቱም ይሞቃል። ግድግዳው የያዘውን ሙቀት የሚያራግፍበት ቀዝቃዛ ሰዓት ስለሌለው ወፍራም ግንብ ተኝተው ሊያድሩበት የማይቻል ምድጃ ይሆናል። እዚያ የሚያዋጣው ነፋስ ነው፦ ትይዩ መስኮቶች፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ። የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶች ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን የሚያቆሙት "አቃል" ለዚህ አየር የተፈጠረ ነው፤ በግመል ተጭኖም ይሄዳል። በላሙና በዛንዚባር ጠረፍ ያሉት ጥንታዊ ቤቶች ደግሞ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተገነቡ ናቸው። ክፍሎቻቸው ጠባብና ረጃጅም የሆኑት ጣሪያውን የሚሸከመው የማንግሮቭ ግንድ ከተወሰነ ርዝመት ስለማያልፍ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው በረሃማ ምድር የራሱን መፍትሔ ይሻል። ትውልደ ቡርኪናፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ፣ እአአ በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያው አፍሪካዊ፣ በኬንያ ቱርካና ሐይቅ ዳርቻ የነደፉት የወጣቶች ማሠልጠኛ በአካባቢው የምስጥ ኩይሳ አምሳል የቆሙ ረጃጅም ማማዎች አሉት። ሞቃቱ አየር በማማዎቹ አናት ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፤ ኮምፒውተሮቹም ከአቧራና ከሙቀት ይጠበቃሉ። ኬሬ በትውልድ መንደራቸው ጋንዶ እአአ በ2001 ባስገነቡት ትምህርት ቤት የተጠቀሙበት ዘዴ ለተራ ቤት ሠሪም ይበጃል። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በእጅጉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ በመካከል ነፋስ እንዲያልፍ ተደርጓል። ፀሐይ ያጋላት ቆርቆሮ ሙቀቷን ወደ ክፍሉ ሳታወርድ ነፋሱ ይወስደዋል።

ለምድር ወገብ በቀረበ አገር የቤቱ አቀማመጥም ዋጋ አለው። ፀሐይዋ በቀትር አናት ላይ ስለምትሆን ጣሪያው ይሸከማታል፤ የምትገርፈው ግን ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ ሰፋፊ መስኮቶችን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማዞር ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ቤቱን ያቀዘቅዛል።

የዝናብ ውኃም እንዲሁ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውኃ ይገኛል። እንደ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብበት ከተማ፣ 50 ካሬ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ የሚባክነው ተቀንሶ 40,000 ሊትር ያህል ሊሰበስብ ይችላል። ችግሩ አብዛኛው በክረምት ወራት መውረዱ ነው፤ የማጠራቀሚያው በርሜል ትልቅ ካልሆነ ውኃው ሞልቶ ይፈስሳል።

እንጨትና ቀርከሃ

ነባሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው ማለት ስህተት ነው። በትግራይና በኤርትራ ደጋ የሚታወቀው "ህድሞ" የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ያለው፣ ቀን የማይሞቅ ሌሊት የማይበርድ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ያን ከባድ ጣሪያ የሚሸከመው ወፍራም የሀገር በቀል ዛፍ ግንድ ነው፤ ዛፉ ሲመናመን ህድሞውም ቀርቷል። አዲስ አበባን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ እንጨት ችግር የታደገው፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ተስፋፍቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ዛሬም የጭቃ ቤት ቋሚም ሆነ የፎቅ ግንባታ መወጣጫ በአብዛኛው እርሱ ነው።

ቀርከሃ ሌላው አማራጭ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ሰፊ የቀርከሃ ሽፋን ካላቸው አገሮች ቀዳሚ ተደርጋ ትጠቀሳለች፤ በደጋ የሚበቅለው ቀርከሃና በቆላ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገኘው ሽመል የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ተክሉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ለግንባታ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከሥሩ መልሶ ይበቅላል። የዶርዜ ሰዎች ከተሸመነ ቀርከሃ የሚሠሩት ከፍታው የሚያስደንቅ ቤት እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ እያለ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም በሰው ሸክም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። በከተማ ለሚሠራ ቤት ግን ቀርከሃው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ ካልታከመ በነፍሳት ይበላል። ይህን የሚያደርጉ ሠራተኞች ገና ጥቂት ናቸው።

ፈቃድ፣ ብድርና ክብር

ቴክኒኩ ሲታወቅ የሚቀረው ትልቁ እንቅፋት የወረቀት ነው። የብዙ አገሮች የግንባታ ደንቦች የተወረሱት ከአውሮፓ በመሆኑ የሚጠይቁት "ይህን ቁስ ተጠቀም" ብለው እንጂ "ግድግዳህ ይህን ክብደት ይቻል" ብለው አይደለም። ኬንያ እአአ የ1968ቱን ደንቧን በ1990ዎቹ አሻሽላ በቁስ ዓይነት ሳይሆን በአገልግሎት ብቃት የሚመዝን አሠራር ፈቅዳለች። ያም ሆኖ "ቋሚ ቤት" እና "ከፊል ቋሚ ቤት" የሚለው ልዩነት በመዝጋቢዎች፣ በባንኮችና በራሱ በሕዝቡ ዘንድ ጸንቶ ይኖራል። የአፈር ግድግዳ ያለው ቤት ምንም ያህል ቢጠነክር ለብድር መያዣነት ሲቀርብ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ይገመታል። ዝቅ ተደርጎ የተገመተ ቤት የሚሠራ ቤተሰብም፣ ሌላ አማራጭ ካገኘ፣ አይኖርም።

መንግሥታትም አንዳንዴ ነባሩን ቤት በኃይል ያስወግዳሉ። ሩዋንዳ እአአ በ2010 እና 2011 "ኒያካትሲ" የሚባለውን የሣር ክዳን ከአገሪቱ ለማጥፋት ባካሄደችው ዘመቻ በርካታ ቤተሰቦች ቆርቆሮ አግኝተዋል። ምትክ ሳይዘጋጅ ጎጆዎች ፈርሰዋል፤ በተለይ የባትዋ ማኅበረሰብ አባላት መጠለያ አልባ ሆነዋል የሚል ትችትም ቀርቦ ነበር። ያችው ሩዋንዳ ከዓመታት በኋላ ለሕንፃዎች ዝቅተኛ የአረንጓዴ ግንባታ መሥፈርት አውጥታለች።

የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ "ኤጅ" በተባለው መለኪያው፣ ከተለመደው ግንባታ ኃይልን፣ ውኃንና በቁሱ ውስጥ የታቀፈ ኃይልን ቢያንስ 20 በመቶ ለሚቆጥቡ ሕንፃዎች ምስክር ወረቀት ይሰጣል። በኬንያ አኮርን የተባለው ኩባንያ እአአ በ2019 የአገሪቱን የመጀመሪያ አረንጓዴ ቦንድ ሸጦ የተማሪዎች መኖሪያ የገነባው በዚህ መለኪያ ነው። ነገር ግን በቀጣናው አብዛኛውን ቤት የሚሠራው ኩባንያ ሳይሆን፣ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር አንድ አንድ ረድፍ የሚጨምር ባለቤት ነው። ለእርሱ ምስክር ወረቀቱ ከአንድ የሠለጠነ ግንበኛ ያነሰ ጥቅም አለው።

ሲሚንቶና ብረት የማይቀሩባቸው ቦታዎች

እአአ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ስምጥ ሸለቆው ለግንባታ ምን እንደሚጠይቅ አስታውሷል። ያልተጠናከረ የአፈር ብሎኬት ግድግዳ ከባድና ተሰባሪ ነው፤ ንቅናቄ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚለያየው በማዕዘኖቹ በኩል ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች በአፈር ቤትም ቢሆን ግድግዳውን ከመስኮቶች በላይ ዙሪያውን የሚያስር የአርማታ ቢም፣ በማዕዘናትና በበር ዳር ቀጥ ያለ ብረት፣ እንዲሁም ከማዕዘን ራቅ ያሉ ትናንሽ መስኮቶች እንዲኖሩ ያዝዛሉ። ውኃ የማይለያቸው የመታጠቢያና የኩሽና ግድግዳዎች በሲሚንቶ ይለሰናሉ፤ ዋልካ መሬት ላይ የሚያርፍ መሠረትም አፈሩ ተቆርጦ ከተነሳ በኋላ በድንጋይና በአርማታ ይሠራል። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቆጥቦ በሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ማብዛት በከተሞች ዳርቻ በየዕለቱ የሚታይ አሠራር ነው።